ለአምስት ቀን ግድግዳ ሆኜ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ፣ የጥምቀት ሰሞን እንዳለፈ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔ ግን ዛሬም ሰው ሻይ ላይ ስኳር ሲጨምር ባየሁ ቁጥር ሳቄ ያመልጠኛል። አንዴማ ለቅሶ ቤት አዋርዶኛል። ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ብርቱካን እባላለሁ፤ የመካነ ሰላም ሰው ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ጅዳ ሄድኩና ስድስት ዓመት የሰው ልጆች አሳደግሁ። ልጆቹ መቼ እንደሚያለቅሱ አውቅ ነበር፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ያ "ለምን" ከእኔ ጋር አገር ገባ። ስመለስ የእህቴን ልጆች መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ ያልገባኝን እነሱን እየጠየቅሁ፣ እነሱም ያልገባቸውን ከእኔ ጋር እየገመቱ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በግል ተፈተንኩና አለፍኩ።

አሁን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቅድመ መደበኛ ትምህርትና የሰው ልጅ ዕድገት እማራለሁ። ከክፍላችን ሴቶች ከእኔ ቀጥላ ትልቋ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጆቹ "ማዘር" ይሉኛል። ፈተና ሲደርስና የእኔ ደብተር ሲፈለግ ደግሞ "ማዘርዬ" ይሆናል። ሐሳቤ አንድ ነው፤ ስመረቅ በሰፈሬ ያሉትን ትንንሽ ልጆች ሰብስቤ ማስተማር።

አንድ ቀን መምህራችን የተግባር ሥራ ሰጡን። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ቢሆንም አስተማሪ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እኔን አንቱ ይሉኛል፤ አንቱ ስንባባል ክፍሉ ይስቃል።

"አንድ ሕፃን ትመርጣላችሁ" አሉን። "ለአምስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ትመለከታላችሁ። ስትመለከቱ አትናገሩ፣ አትሳቁ፣ አታመስግኑ፣ አትቆጡ፣ አታግዙ። ልጁ እናንተን ካሰበ ጨዋታው ይበላሻል። ስለዚህ ግድግዳ ሁኑ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የመሰላችሁን አትጻፉ። 'ልጁ አዘነ' አይባልም። 'ልጁ ከንፈሩን ጣለ' ነው የሚባለው።"

እኔ ደግሞ ደንብ ከሰጡኝ እስከ ጥግ ነኝ።

የመረጥኳት ልጅ ሐያት ናት። ከቤቴ ሦስተኛው ቤት ከአያቷ ከእማማ ዘይነባ ጋር ትኖራለች። ያኔ አራት ዓመት ተኩሏ ነበር። እናቷ ሰዓዳ ጅዳ ናት። እማማ ዘይነባን ፈቃድ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። "ልጅ ለማየት ደግሞ ፈቃድ ምንድነው? ነይና እዪአት፤ ቤትሽ አይደል!" አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከትምህርት መልስ በዘጠኝ ሰዓት ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና እስክሪብቶዬን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ልማዴ ነው። ሐያት ዕቃ ዕቃ ትጫወት ነበር። ወዲያው በስባሪ ሳህን ጭቃ ይዛልኝ መጣች።

"ብርቱካን፣ ብዪ።"

"ሐያትዬ፣ እኔ አሁን ሥራ ላይ ነኝ። የለሁም በይ፣ እሺ?"

"የት ሄድሽ?"

"የትም አልሄድኩም። ግን የለሁም። ግድግዳ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ግድግዳ ጫማ አለው?"

"የዛሬው አለው።"

"ብጠራሽስ?"

"አልሰማሽም። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ደብተሬን ዘግቼ 'በቃ፣ መጣሁ!' እልሻለሁ።"

ነገሩ ደስ አላት። ጭቃዋን ይዛ ሄደች። እውነትም ከዚያ በኋላ ዞር ብላም አላየችኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደብተሬን ጧ አድርጌ ዘጋሁና "በቃ፣ መጣሁ!" ስላት፣ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እንዲህ እያልን ቀጠልን። የጻፍኩት ዛሬም አለ። "ሐያት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደረበች። ወደቀ። ደረበች። ወደቀ። ድንጋዩን በጥፊ መታችው። ደረበች። ቆመ።" እንዲህ እንዲህ ይላል። ስጽፈው ደስታው ይገለኝ ነበር፤ ግን ግድግዳ ፈገግ አይልም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በእኛ አገር የሰው ልጅ ሲበላ አፍጥጦ ማየት ነውርም ነው፣ ያስፈራልም። የሰው ዓይን ይጎዳል ይባላል። ስለዚህ ልጅ ያየ ሰው "ማሻአላህ" ይላል። ክርስቲያኑም ይላል፣ እስላሙም ይላል፤ ወሎ ነና። እኔ ራሴ በሌላ ቀን ከአፌ አትጠፋም። ደንቡ ግን "አታመስግኑ" ይላል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ሐያት ሽሮዋን ስትበላ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ እያየሁ፣ እየቆጠርኩ፣ ዝም ብዬ ጻፍኩ።

እማማ ዘይነባ በአጠገቤ ሲያልፉ "ብርቱካን፣ ማሻአላህ በይ እንጂ" አሉኝ።

እኔ ምን ጻፍኩ? "አያት ተናገሩ።"

በሦስተኛው ቀን፦ "አያት ሳህኑን በነጠላ ጋረዱ።" በአራተኛው ቀን፦ "አያት ልጅቷን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙረው አበሉ።" በአምስተኛው፦ "ልጅቷ አንገት ላይ ጥቁር አዝሙድ የተቋጠረበት ጨርቅ አለ። ትናንት አልነበረም።" ሁሉንም ጻፍኩ፤ አንዱም ግን አልገባኝም። ያየሁትን እንጂ የመሰለኝን አልጽፍማ!

አምስቱ ቀን አለቀ። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ የማስረክበውን ጽሑፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስገለብጥ፣ የግቢዬ ቆርቆሮ በር ተደበደበ።

አልጋነሽ ናት። አልጋነሽ ጎረቤታችን ስትሆን፣ እሷ እያለች ሰፈራችን ሬዲዮ አያስፈልገውም።

"ብርቱካን! ነይ ውጪ! ያችን ልጅ ምን አድርገሻት ነው?"

"የቷን ልጅ?"

"ሐያትን ነዋ! ከጠዋት ጀምራ ደርቃ ቀርታለች። ቢጠሯት አትሰማ፣ ቢነኳት አትነቃነቅ። ዓይኗ ብቻ ፍጥጥ!"

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። ስደርስ አንድ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፣ ሌላው ላይ የለም።

ግቢው በሴት ተሞልቷል። ሐያት አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ጭንቅላቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ተቀምጣለች። እውነትም ዓይኗ ፈጧል። አንዷ ጎረቤት ጠበል ይዛ መጥታለች፣ ሌላዋ ዘምዘም ይዛ መጥታለች። በአንድ ጉንጯ ጠበል፣ በሌላው ጉንጯ ዘምዘም ይወርዳል። ንቅንቅ የለም። እማማ ዘይነባ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ይመታሉ። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ፣ የሰው አደራ ናት፤ ለእናቷ ምን ልበላት?"

"ይኸውላችሁ መጣች!" አለች አልጋነሽ። "አምስት ቀን ሙሉ አፍጥጣባት፣ ጉርሻዋን በደብተር ቆጥራ፣ አንዲት ማሻአላህ ከአፏ አልወጣም! ከቀሚሷ ጫፍ ቁረጡና ልጅቷን አጭሷት!" መቀሱን ይዛው ነው የመጣችው።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። የተናገሩት፣ የጋረዱት ሳህን፣ ጥቁር አዝሙዱ። አምስት ቀን ሙሉ በገዛ እጄ ጽፌው አላነበብኩትም!

የባሰው ደግሞ እማማ ዘይነባ አለመቆጣታቸው ነው። ቀና ብለው አዩኝና "ተዪያት አልጋነሽ" አሉ። "ብርቱካን፣ ልጄ፣ አውቀሽ እንዳይደለ አውቃለሁ። ዓይን ባለቤቱንም አያማክርም።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ቆሜ ሁሉ ነገሬ ሲፈርስ ታየኝ። ዓይኗ ክፉ ነው ለተባለች ሴት ልጁን አምኖ የሚሰጥ ማን አለ? ዲግሪውን ብይዘው እንኳ ቤቴ ሰቅዬ ለብቻዬ ላየው ነው። ሐያትስ? እውነት የሆነች ነገር ብትኖርስ? እኔም እኮ የእዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ለአንድ አፍታ ራሴም ዓይኔን ፈራሁት። ወላሂ፣ ዓይኔን በእጄ ሸፈንኩ።

በዚህ መሐል የእማማ ዘይነባ ስልክ ጮኸ። አልጋነሽ አስቀድማ ጅዳ መልእክት ልካለች ለካ! ሰዓዳ ናት፣ በቪዲዮ። ፊቷ በእንባ ርሷል። አልጋነሽ ስልኩን ነጥቃ ሐያት ፊት ደቀነችው።

"ሐያት! ሐያትዬ! እናትሽ ነኝ!" አለች ሰዓዳ።

ሐያት ዓይኗን ሳትነቅል፣ በቀጭን ድምፅ፣ "የለሁም" አለች።

ግቢው በጩኸት ተናጋ። "ተናገረ! ተናገረ!" አለች አልጋነሽ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ መቀሱን እንደ ጦር ይዛ፣ "ማን ነህ አንተ? ተናገር!" አለች።

"ግድግዳ ነኝ።"

"ግድግዳ!" አለች አልጋነሽ ወደ እኛ ዞራ። "የግድግዳ ጅን ነው የያዛት!"

"ሱብሐነላህ" አሉ ሴቶቹ።

"ምን ፈልገህ መጣህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

እጄን ከዓይኔ ላይ አወረድኩ። አሁን በደንብ አየኋት። ሻሹ የተጠመጠመው እኔ በምጠመጥምበት መንገድ ነው። ጉልበቷ ላይ የሳሙና ካርቶን አለ፣ ለሁለት ታጥፎ እንደ ደብተር ተዘርግቷል። ጆሮዋ ላይ ደግሞ፣ በሻሹ መሐል፣ አንዲት የከሰል ስባሪ ተሰክታለች!

ሳቄ መጣ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ! አፌን ብይዘው በአፍንጫዬ ወጣ።

"ትስቃለች!" አለች አልጋነሽ። "ወገኖቼ፣ አያችሁ? ልጅቷን በልታ ትስቃለች!"

"አይደለም፣ ቆይ፣ አብሽሩ፣ እኔ ነኝ! እኔን ነው የሆነችው!" አልኩ። ማንም አልገባውም። ሐያት ፊት ተንበረከክሁና "ሐያትዬ፣ ሰዓቱ አልቋል" አልኳት። ዝም። "ሐያትዬ፣ በቃ፣ ጨዋታው አለቀ።" ዝም። ሴቶቹ እኔን ከልጅቷ ሊያርቁኝ ክንዴን መያዝ ጀመሩ። ለካ ሞኟ እኔ ነኝ፤ ግድግዳ አይሰማማ! ይህን ያስተማራት ማን ሆነና? እጄን ሰደድኩና ካርቶኑን ጧ አድርጌ አጠፍኩት።

ሐያት ብድግ አለች። "በቃ፣ መጣሁ!" አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ፊቷን ዳብሳ፣ "ማነው ያረጠበኝ?" ብላ ጠየቀች። "እምዬ፣ ዳቦ ስጪኝ፤ ሥራ አደከመኝ" አለች።

እማማ ዘይነባ እየሳቁና እያለቀሱ ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ሰዓዳ ስልኩ ውስጥ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች። የመጀመሪያውን ቀን ነገር፣ የለሁምን፣ ግድግዳውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴቶቹ ሳቁ። አልጋነሽ ግን መቀሷን አላስቀመጠችም።

"እሺ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍስ? መተት እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ታንብበው!"

ካርቶኑ ላይ ያለው የከሰል ጭረት ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ነጥብ፣ አንድ እንደ ዶሮ ያለ ነገር። "ሐያትዬ፣ ምን ጻፍሽ? አንብቢልን" አልኳት።

ሐያት ዳቦዋን ለአያቷ አስይዛ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ጣቷን በጭረቱ ላይ እየነዳች አነበበች።

"እምዬ ቁጭ አለች። እምዬ ሻይ ቀዳች። እምዬ በር በሩን አየች። እጇን አልጋ ሥር ሰደደች። ስኳር አወጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ጨመረች። ጠጣች። ጣቷን ላሰች። ስኳሩን ደበቀች።"

እማማ ዘይነባ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰዓዳ መድኃኒቱን ከዚያ ትልካለች፤ በደወለች ቁጥርም "ስኳር ትተሻል?" ትላለች፤ እሳቸውም "ጣዕሙንም ረስቼዋለሁ" ይላሉ።

"እማ?" አለ ስልኩ። "እማ! አምስት?"

እማማ ዘይነባ ስልኩን ተቀብለው ከጆሯቸው አራቁት። "ሄሎ? ሄሎ? ሰዓዳ? ኔትወርክ የለም።"

"እማ፣ ፊትሽን እያየሁት እኮ ነው!"

"ፊቴ ነው የሚታይሽ ልጄ። እኔ የለሁም።"

እዚያ ላይ ነው ሁላችንም የፈረስነው። ጠበል የያዘችው ዘምዘም በያዘችው ላይ ተደግፋ ሳቀች። ሰዓዳ እንኳ እንባዋን ሳታብስ ሳቀች። የማይስቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አልጋነሽና ሐያት። ሐያት አልጨረሰችማ።

"አልጋነሽ መጣች" አለች፣ ጣቷን ወደ ዶሮው እያሳለፈች። "በር አላንኳኳችም። እምዬ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። አልጋነሽ የበርበሬውን ዕቃ ከፈተች። በእፍኟ ዘገነች። በነጠላዋ ቋጠረች። 'ሐያትዬ፣ እምዬ የት ሄደች?' አለችኝ። እኔ የለሁም።"

አልጋነሽ የነጠላዋን ጫፍ ያዝ አደረገች። ሁላችንም አየነው፤ ቋጠሮው አለ። "ልመልስ እኮ ነው" አለችና መቀሷን ረስታ ወጣች። ከእሷ በኋላ ሐያት ካርቶኑን ገልብጣ በሌላው በኩል ማየት ስትጀምር፣ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ አንድ አንድ የረሱት ሥራ ትዝ አላቸው። አንዷ ወጥ ጥዳ ነበር፣ አንዷ ከወግዲ የሚመጣው መኪና እንግዳ ያመጣላታል። ከመቸኮላቸው የተነሳ ጠበሉና ዘምዘሙ ተለዋውጠው ሄዱ፤ ማምሻውን ተጠያይቀው ተመላለሱ።

ሰኞ ጽሑፌን ሳስረክብ ካርቶኑንም አያያዝኩ። ሐያት ስታነብ የሰማሁትንም ቃል በቃል ጻፍኩ። መምህራችን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ "አምስት ጨመረች" ላይ ሲደርሱ ግን ሳቅ አሸነፋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እትዬ ብርቱካን" አሉኝ፣ "ልጅቷ ደንቡን ከእርስዎ ይበልጥ ጠብቃለች። አንድም የመሰላትን አልጻፈችም።"

"መምህር፣ እኔስ ግድግዳ መሆኔ የት ላይ ነው የተበላሸው?" አልኳቸው።

"ማሻአላህ ሳይሉ የቀሩ ጊዜ" አሉኝ። "ያንን ደንብ ያወጣው ሰው ወሎ አልኖረም። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ ማሻአላህ ይበሉ፣ ከዚያ ግድግዳ ይሁኑ።"

ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ፣ ደግሞም እደነግጣለሁ። የሰው ልጅ ያየውን ይሆናል ብለው ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ ለፈተናም ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን የራሴን ሻሽ በአንዲት የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ጭንቅላት ላይ ያየሁ ቀን ነው። እኔ እሷን አምስት ቀን ሳይ፣ እሷ እኔን አምስት ቀን አይታኛለች። የእሷ ይበልጣል።

እማማ ዘይነባ አሁን ሻያቸውን ሐያት ባለችበት ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ሰዓዳም ስትደውል እናቷን መጠየቅ ትታ "ሐያትን አገናኙኝ" ትላለች። አልጋነሽ የሰው በር ታንኳኳለች፤ እንዲያውም አንኳኩታ ከደጅ ሆና "ጸሐፊዋ አለች?" ብላ ነው የምትገባው። መቀሷን እስካሁን አልወሰደችም።

እኔን ግን በጣም የፈራሁት ነገር ያሳስበኝ ነበር። ታሪኩን በሳቅ ብንጨርሰውም፣ ስሜ ላይ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ፣ ሰንበት ብሎም በሰው ልጅ አጠገብ ሳልፍ አንገቴን እሰብር ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከላይኛው ሰፈር አንዲት እናት ቤቴ መጣች። ትንሿን ልጇን አቅፋ ነበር። በወጉ አላውቃትም። "ይህች ልጄ እስካሁን አፏን አልፈታችም፤ ሐሳብ ገብቶኛል" አለችኝ። "የእማማ ዘይነባን ልጅ አምስት ቀን አየሻት ሲሉ ሰማሁ። እባክሽ እህቴ፣ የእኔንም እዪልኝ።"

ሕፃኗን ተቀብዬ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳት። ሦስት ጊዜ ማሻአላህ አልኩ፣ እናቷ እንድትሰማ ጮክ ብዬ። ከዚያ ቁጭ አልኩና እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ።